ከማጣሪያው ጀርባ የነጣው አፈር

ጥር 5 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ጨፌ ዲማ

ሲሚንቶው ዛሬም አልመጣም። ሮቤ ወዳለው የውሃ ቢሮ ስደውል አለቃዬ ኢንጂነር ሙለታ "መንገድ ላይ ነው" ይለኛል። ከገና በፊት ጀምሮ መንገድ ላይ ነው! በእግሩ ቢመጣ እንኳ እስካሁን ይደርስ ነበር።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ንዴቴን የማወራለት ሰው ስላጣሁ ነው። ማጣሪያው ጋ የምንሠራው እኔና ረዲ ነን። ረዲ ጥበቃም ነው፣ ፓምፕ አንቀሳቃሽም ነው፣ የቀበሌው ልጅ ነው። ጨዋታ ያውቃል፤ ስለ ኬሚስትሪ ሳወራለት ግን ያዛጋል።

የጨፌ ዲማ ጥልቅ ጉድጓድ ውሃው ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፣ ሲጠጡትም ይጥማል። ውስጡ ግን አርሴኒክ አለበት። ማንም አልጨመረውም፣ ከምድሪቱ ከራሷ የወጣ ነው። ለዓመታት ሲጠጡት መዳፍ ይሻክራል፣ እየቆየም የባሰ ያመጣል። የመንደሩን ሽማግሌ የሐጂ ዲኖን መዳፍ የጨበጠ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኛ ያመጣነው መፍትሔ ቀይ አሸዋ ነው። ብረት በሟሟበት ውሃ እንዘፈዝፈዋለን፣ ከዚያ በእሳት እናደርቀዋለን፣ ዝገቱ እያንዳንዷን ቅንጣት ይለብሳታል። ውሃው በመሀሉ ሲያልፍ አርሴኒኩ ዝገቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ያየሁ ቀን ከደስታ ብዛት እንደ ልጅ አጨብጭቤያለሁ።

ደስ የማይለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አሸዋው ሲጠግብ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። ከብዙ ውሃ የተለቀመው መርዝ ሁሉ በዚያች እጣቢ ውስጥ ይሰበሰባል። እጣቢው በሲሚንቶ የተለሰነና ክዳን ያለው ጉድጓድ ውስጥ መግባት አለበት። ጉድጓዱ ከማጣሪያው ጀርባ ተቆፍሯል። ሲሚንቶው መንገድ ላይ ነው።

ጥር 8

አሸዋው ጠገበ። የመሞከሪያው ወረቀት ብጫ ሆነብኝ። ለሙለታ ደወልኩ።

"እጠቢውና ለጊዜው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ድፊው" አለኝ።

"አልተለሰነም እኮ።"

"ምርቃቱ የካቲት ሃያ ነው። የማይሠራ ማጣሪያ ልናስመርቅ ነው እንዴ? ለጊዜው ነው ያልኩሽ፣ ወለተኢየሱስ።"

ዩኒቨርሲቲ እያለን ከእኔ በፊት የገባ ልጅ ነበር፤ ያኔም ይህን "ለጊዜው" የሚባል ቃል ይወድ ነበር። ተከራከርኩት። ከዚያ ጓንቴን አጠለቅኩና ደፋሁት።

ጥር 12፣ ጎባ

ትናንት ጥምቀት ነበር። እናቴ ዘንድ መጣሁ። ካህኑ ጠበሉን ሲረጩ አንዷ ጠብታ ከንፈሬ ላይ አረፈች። ሳላስበው በነጠላዬ ጠረግኳት። እናቴ አይታኛለች።

"ጠበል ይጠረጋል እንዴ ልጄ?"

"ቀዝቅዞኝ ነው" አልኳት። ቀኑን ሙሉ ግን አፌን ደጋግሜ ስጠርግ ራሴን አገኘሁት። ምን ሆኛለሁ?

ጥር 17፣ ጨፌ ዲማ

ወይ ጉድ!

የበጋው ፀሐይና ከሰናቴ አምባ የሚወርደው ንፋስ ጉድጓዱን አድርቆታል። ወለሉና ጠርዙ ላይ እንደ ጨው የሚፈካ ነጭ ነገር ወጥቷል። ሶዳው ነው፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ እንዲህ ይሆናል። ረዲ ከሩቅ እየሳቀ ተቀበለኝ።

"ወለቴ፣ ዋላሂ ሐያ አውጥተሻል!"

ሐያ እዚህ አገር ለከብት የሚላስ ጨዋማ አፈር ነው። ከብት ያለው ሰው ሁሉ ሩቅ ድረስ ሄዶ ያመጣል፣ ገበያም ይሸጣል። ወተት ይጨምራል፣ ሆድ ያጸዳል ይላሉ። ወደ ጠርዙ ጎንበስ ብዬ አየሁ። አፈሩ ላይ ሰፊ ሰፊ የምላስ ዱካ አለ።

"ማነው ከብት እዚህ ያስገባው?" ብዬ ጮህኩበት።

ረዲ ሳቁ ጠፋ። "ከብት ሐያ ሲሸተው ማን ያስቆመዋል? ደግሞ ምን ይጎዳል?"

"ይጎዳል!" አልኩ። ያኔ መቀጠል ነበረብኝ። ለምን እንደማይላስ መንገር የደቂቃ ሥራ ነበር። አልነገርኩትም፤ ለሙለታ ሳልደውል ከአፌ እንዳይወጣ ብዬ ነው።

ጥር 18

ሙለታ፦ "እጠሪው። ምልክትም ስቀይበት። 'መርዝ' የሚል ነገር ግን እንዳትጽፊ፤ ውሃ ፕሮጀክት በር ላይ መርዝ? እንግዶቹ ምን ይላሉ? ሕዝቡስ ውሃውን ይጠጣዋል?"

እውነቱን ነው፣ ውሃውን አይጠጡትም ብዬ አሰብኩ። አሁንም እንደዚያ እያሰብኩ ነው። እኔና ረዲ እሾህ ቆርጠን ዙሪያውን አጠርን። በቆርቆሮ ላይ "መግባት ክልክል ነው" ብዬ በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፍኩ። ረዲ ጮክ ብሎ አነበበው።

"ለምን?" አለኝ።

"የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው።"

ጥር 22

ሁለተኛ እጥበት። እሾሁ በአንድ በኩል ተነስቶ ጎን ላይ ተቀምጧል። ንፋስ ይሆናል። መልሼ አጠርኩት።

ጥር 25

የምኖረው በአዮ ረቢያ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። "አዮ" እዚህ እናት ማለት ነው፤ መንደሩ ሁሉ እንደዚያ ይላቸዋል፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ባላቸው ሞተዋል። ልጃቸው ዓብዱልፈታሕ ደሎ መና ቡናና ማር ይነግዳል፤ ሚስቱ ቢፍቱ እሳቸው ዘንድ አራስ ናት። አንዲት ላም አለቻቸው፣ ቡሬ ይሏታል፣ ጥቁርና ነጭ ናት።

ዛሬ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት አዮ ወተት በጣሳ ይዘው ቆመዋል።

"ኢንተላ ኮ፣ አካም ቡልቴ?" ልጄ፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

"ሰላም ነው አዮ፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?"

"አልሐምዱሊላህ። ጠጪ እስቲ! ቡሬ ማሻአላህ፣ ወተቷ ጨመረ።"

ጠጣሁ። ጣፋጭ ነበር።

ጥር 27

አዮን ጠየቅኳቸው። እንደ ዋዛ አድርጌ፦ "ለቡሬ ሐያ ከየት ነው የሚያመጡላት?"

"ከገበያ ነዋ!" አሉና ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ሳቁ። ቢፍቱም ከውስጥ ሳቀች።

ገበያ ካሉ ገበያ ነው። እኔ ፖሊስ ነኝ እንዴ?

ጥር 29

ቧንቧው ጋ ጄሪካን ያሰለፉ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሆነው በኦሮምኛ ያወራሉ። ጎባ ተወልጄ ኦሮምኛ የማልሰማ ይመስላቸዋል።

"ቢሮው መልካሙን ሐያ ለራሱ አጥሮታል።"

"ክልክል ሲሉ ነው የገባኝ። ጥሩ ነገር ባይሆን ማን ያጥረዋል?"

"የረቢያ ላም አታያትም?"

አልዞርኩም። ጓንቴን አወለቅኩ፣ መልሼ አጠለቅኩ። ዞር ብዬ "መርዝ ነው" ብል የሚፈጀው ጊዜ ጄሪካን ከመሙላት ያንሳል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጥር 30

ሙለታ እንደ ሕፃን አባበለኝ። "ሲሚንቶው ከምርቃቱ በኋላ በማግስቱ ይገባል፣ በእናቴ ስም። አሁን ሰው ካስደነገጥሽ ማጣሪያው ተዘጋ ማለት ነው። ተዘጋ ማለት ደግሞ የጥንቱን ውሃ ይጠጣሉ ማለት ነው። የቱ ይብሳል?"

ሲናገር ሁልጊዜ ልክ ይመስላል፣ ስልኩ ሲዘጋ ነው ነገሩ የሚከረፋኝ።

የካቲት 1

ዐቢይ ጾም ገባ። አዮ ወተቱን ይዘው ሲመጡ "ጾም ነው አዮ" አልኳቸው። "አፉ በይኝ፣ ረሳሁት" ብለው መለሱት። እፎይ አልኩ። ከዚያ ለምን እፎይ እንዳልኩ ገባኝና ራሴን ጠላሁት።

የኔን ድርሻ ለቢፍቱ ጨመሩላት።

የካቲት 6

ቢፍቱ በር ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች፤ ጣሳው አጠገቧ ነው።

"ወተቱን አፍሉት" አልኳት።

"እናፈላዋለን እኮ ወለቴ።"

"በደንብ አፍሉት።"

ማፍላት አርሴኒክን ምንም አያደርገውም። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቃል። ወደ ወተት ብዙ አያልፍም ይላል መጽሐፉ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ "ብዙ አያልፍም" ነው የሚለው፣ "አያልፍም" አይደለም። እኔ ግን ቢያንስ አንድ ነገር ተናግሬ መግባት ፈለግሁ፣ ያንን ተናግሬ ገባሁ።

የካቲት 9

እሾሁ እንደገና ተነስቷል። ንፋስ እሾህ አያነሳም። ጠርዙ ላይ የምላስ ሳይሆን የዶማ ምልክት አለ። መልሼ አጠርኩት። ለማን እንደማጥር እንጃ።

የካቲት 12

በእንቅልፌ የምላስ ድምፅ እሰማለሁ። ሻካራ ነገር አፈር ላይ ሲሄድና ሲመለስ። ተነስቼ በመስኮት አያለሁ፤ ግቢው ጭር ብሏል። ስተኛ ይጀምራል።

ቡሬ ከሳች። የኋላ እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዷ አልቆም ብሏል። አዮ ተጨንቀዋል።

"ሐያ ጨመርኩላት" አሉኝ። "ሆዷን ያጸዳላታል።"

እግዚኦ! አፌን ከፈትኩ። ያኔ ረዲ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ ሙለታ በስልክ እየፈለገኝ እንደሆነ ነገረኝ።

"ይበቃታል አዮ፣ አይጨምሩላት" ብቻ ብዬ ሄድኩ።

የሚፈልገኝ ስለ ምርቃቱ ድንኳን ነው። ድንኳኑ ጉድጓዱን እንዲሸፍን ሆኖ እንዲተከል ይፈልጋል።

የካቲት 18፣ ሐሙስ

ሁሉንም መጻፍ አለብኝ።

ቡሬ ዛሬ አልተነሳችም። ከሰዓት በኋላ አንገቷን መሬት ላይ ዘረጋች። ለሃጯ ይወርዳል። አዮ ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላሉ። ሐጂ ዲኖ መጡ፤ ዐይኗን ገለጥ አድርገው አዩና "ነፍሷ ሳትወጣ እንድረስባት" አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሞታ ከተገኘች በክት ናት፣ ለጅብ ትጣላለች። በሕይወት እያለች ታርዳ የአላህ ስም ከተጠራባት ግን ሥጋዋ ይበላል። ላም የሞተባት መበለት ባዶ እጇን እንዳትቀር ጎረቤት ሥጋውን ይካፈላል፤ ጊደር ሲተኩላት ደግሞ የወሰደ ሁሉ ያዋጣል። መልካም ልማድ ነው። ሰው ለሰው እንዲህ የሚያስብበት ቦታ ብዙ የለም።

ረዲ ቢላውን ስሎ መጣ። "ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር።" ከዚያ ሁሉም ሥራ ያዘ፤ ማን ቆዳ ይገፋል፣ ማን ይቆርጣል፣ ሴቶቹ ቅጠል ያነጥፋሉ። እኔ በክፍሌ በር ላይ ቆሜያለሁ። የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ እነሱ ያረዱትን አልበላም፣ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም። ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው ነገር ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። ጾምም ነው። ስለዚህ መደብ በመደብ ሲከፋፈል ማንም ወደ እኔ ዞር ብሎ አላየም። አንድም ሰው።

"ጉበቱን ለአራሷ!" አሉ አዮ። እያለቀሱ ነበር፣ ግን ለቢፍቱ ማሰብ አላቆሙም። "ደም ይሆናታል።"

መርዝ ከሁሉ በላይ የሚከማቸው ጉበትና ኩላሊት ውስጥ ነው። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሻለሁ።

ወደ ውስጥ ገብቼ ሙለታ ጋ ደወልኩ። ምን እንዳልኩት በቅጡ አላስታውስም፣ ጮህኩ መሰለኝ።

"ላሟ በሱ እንደታመመች በምን አወቅሽ? መረመርሽ?"

"አልመረመርኩም።"

"እንግዲያው! ላም በስንት ነገር ይታመማል። ከነገ ወዲያ ሰዎቹ ከክልል ይመጣሉ። ወለተኢየሱስ፣ አንቺም እኔም እንጀራችን ነው። እስከ ቅዳሜ ዝም በይ።"

ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ። ልናገር ነበር የወጣሁት። ይህን የሚያነብ ቢኖር ላያምነኝ ይችላል፣ ግን ልናገር ነበር። አዮ ምድጃው ጋ ጎንበስ ብለው ጉበቱን ይጠብሳሉ። ቢፍቱ ልጇን ታቅፋ ትጠብቃለች።

"አዮ፣ ሥጋው..." አልኩ።

ቀና ብለው በሐዘን ፊት ፈገግ አሉልኝ። "አውቃለሁ ኢንተላ ኮ። ጾም ላይ ነሽ፣ ሽታው ያስቸግርሻል። አፉ በይን፣ በርሽን ዝጊው።"

እና እኔ ምን አልኩ? "አይ፣ ምንም አይደለም" አልኩ። ገባሁ። በሩን ዘጋሁት።

ሽታው በበሩ ስር ይገባል። ነገ ጠዋት መርምሬ እናገራለሁ። ምኑን እንደምመረምር እኔም አላውቅም። ከግድግዳው ማዶ ቢፍቱ "አዮ፣ እርስዎም ይቅመሱ እንጂ" ትላለች፤ አዮ "ጠገብኩ፣ አንቺ ጨርሺው" ይላሉ። ምንም ሳይቀምሱ ነው ጠገብኩ የሚሉት።

የካቲት 19

ቢፍቱ ስታስመልስ አደረች። ውሃ ትላለች፣ ትጠጣለች፣ ይወጣል። ከረዲ ቤትም የታመሙ አሉ። የሐጂ ዲኖ ባለቤትም።

"አተት ነው" ይላሉ። "ከማጣሪያው ውሃ ነው" የሚሉም አሉ። ሰማኋቸው።

በአይሱዙ ወደ ጎባ ወሰዷት። አዮ አብረው ሄዱ። ሕፃኑ ጎረቤት ቀረ፤ ድምፁ እስኪዘጋ ያለቅሳል።

ሙለታ ወንበር እንድደረድር ይፈልጋል። ደረደርኩ።

አፈር ልብላ! ደረደርኩ እኮ።

የካቲት 20፣ ጎባ

ምርቃቱ ላይ አልተገኘሁም። ሲነጋ በተገኘው መኪና ሮቤ ገባሁ፣ ከሮቤ ጎባ። ሐኪሟን ኮሪደር ላይ አገኘኋት፤ ወጣት ናት፣ ዐይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። አርሴኒክ ነው አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ እጥበቱን፣ ጉድጓዱን፣ ላሟን፣ ጉበቱን። ብዕሯን አስቀምጣ ስታዳምጠኝ ቆየች።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ሐሙስ ማታ... ሥጋውን ሐሙስ ነው የበላችው።"

"ዛሬ ቅዳሜ ነው" አለችኝ። መድኃኒቱ እዚህ የለም፤ ከአዲስ አበባ እንዲመጣ ቆማ ስልክ ስትደውል አየኋት።

አዮ መሬት ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ሲያዩኝ ተነሱ፣ አቀፉኝ። "ሥራሽን ጥለሽ መጣሽልን" አሉኝ። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! ዓብዱልፈታሕ ከደሎ መና ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ደረሰ፤ ልብሱ አቧራ ብቻ ነው። "እህቴ፣ ሐኪሟ ምን አለችሽ?" ሲለኝ "እየረዷት ነው" አልኩት።

ለሐኪም መናገር ቻልኩ። ለእነሱ አልቻልኩም።

የካቲት 26፣ ጎባ

ቢፍቱ ነፍሷ ተረፈ። እግሯ ግን እሳት ላይ የቆመች ያህል ይለበልባታል፣ ጣቶቿ ማንኪያ አይጨብጡም። ጡቷ ደርቋል። ልጇን አምጥተው ሲያሳዩዋት ልታቅፈው ሞከረች፤ እጇ አልታዘዝ አላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የሐጂ ዲኖ ባለቤትና የረዲ ቤት ሰዎች ተሽሏቸዋል። እነሱ ጥቂት ጥቂት ነው የደረሳቸው።

መጋቢት 1፣ ጨፌ ዲማ

ተመለስኩ። ሪባኑ ተቆርጧል፣ ድንኳኑ ተነቅሏል። ማጣሪያው ግን አይሠራም። እንግዶቹ በሄዱ ማግስት የመንደሩ ሰዎች መጥተው ረዲን ውሃው አሸዋውን ሳይነካ በቀጥታ እንዲወጣ አስደርገውታል። "ቢሮው ያመጣው ቀይ አሸዋ ነው ቡሬን የገደለው፣ ቢፍቱንም ያሳመመው" ተብሏል። የጥንቱን ውሃ እየጠጡ ነው፣ ከነአርሴኒኩ። ዛሬ የተሰለፉት ሴቶች "አሁን ነው ውሃችን ውሃ የሆነው" ይሉኛል።

ሙለታ፦ "ለሐኪም ነግረሻል፣ ልጅቷም ድናለች። ለሕዝቡ መንገር አሁን ምን ያደርጋል? ጊዜ ስጪውና ይረሳል።"

"ውሃውን እየጠጡት ነው እኮ ሙለታ!"

"ለጊዜው" አለኝ። ዘጋሁበት።

መጋቢት 3

ደመና ከበደ። የበልጉ ዝናብ ሊጥል ነው፤ ጉድጓዱ ከሞላ ቁልቁል ወደ ጅረቱ ይሄዳል። ፕላስቲክ ሸራ ይዤ ወጣሁ። ረዲ ሳልጠራው መጥቶ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ድንጋይ እየጫንን ሳለ ነገርኩት። ያለ ምንም ዝግጅት፣ ጎንበስ እንዳልኩ።

ድንጋዩን ለቀቀው።

"እኔ ነኝ ለአዮ የዛቅኩላቸው" አለ። "አዝኜላቸው፣ በጆንያ። እኔ ነኝ።"

"አላወቅህም።"

"ለምን ብዬ ጠይቄሽ ነበር! ይሄን ቆርቆሮ ስትሰቅዪ ለምን ብዬሽ ነበር፣ ወለቴ!"

እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ልጆቹም በልተዋል። ከዚያ ተቀምጦ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ሸራውን ግን ሁለታችንም ሆነን ጨረስነው። ማታውኑ ሐጂ ዲኖ ዘንድ አብሮኝ ሄደ። ሐጂ ሰምተውኝ ሲያበቁ "እሁድ ለሁሉም ተናገሪው" አሉ።

መጋቢት 5፣ እሁድ

ትልቁ የጥድ ዛፍ ስር ተሰበሰቡ። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል፤ አዮ ረቢያ ከሴቶቹ ፊት ተቀምጠዋል። ቢፍቱን አርብ አምጥተዋታል፤ ቤት ናት።

ተናገርኩ። ከጥልቁ ጉድጓድ ጀመርኩ፣ ቀዩ አሸዋ ምን እንደሚይዝ፣ እጣቢው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ነጩ ነገር ሐያ እንዳልሆነ። "መርዝ" የሚለውን ቃል በሁለቱም ቋንቋ አልኩት። ሙለታ ዝም በይ እንዳለኝም ተናገርኩ፤ ግን አፉ የኔ ነው አልኩ፣ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ማጣሪያው ላይ ቂም እንዳይዙ ለመንኳቸው፤ አሸዋው ሥራውን በደንብ እንደሠራ፣ አሁን የሚጠጡት ውሃ መዳፋቸውን እንደሚበላው ነገርኳቸው። ሐጂ ዲኖ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ድምፄ ሲቆራረጥ ሐጂ "ተንፍሺ ልጄ" አሉኝ።

የጮኸ ሰው የለም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ተነጋግረው ተመለሱ። ጉድጓዱ ነገ ተጠርጎ አፈሩ በበርሜል ይታሸጋል፤ ሲሚንቶ ከሮቤ ራሳቸው ሄደው ያመጣሉ፤ ውሃው ወደ አሸዋው ይመለሳል፤ ለአዮ ጊደር መሥሪያ ቤቱ ይተካል፣ እምቢ ካለ ዞን ድረስ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ሥራዬን አልተውም፤ "ያበላሸሽውን አንቺው ታጥቢዋለሽ" አሉ ሐጂ። ከዚያ ዱዓ ተደረገ። እጆች ሁሉ ወደ ላይ ተዘረጉ፤ የኔም።

ሰው ሲበተን ወደ አዮ ሄጄ ጉልበታቸውን ልይዝ ጎንበስ አልኩ። ክንዴን ይዘው አቀኑኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። አብረን እስከ ግቢው ሄድን። በራቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ላስቀይምሽ አይደለም።"

"ይጠይቁኝ አዮ።"

"ያን ማታ ሥጋው ለአንቺም የሚበላ ቢሆን ኖሮ፣ አንቺም ከኛ ጋር ከትሪው የምትቆርሺ ቢሆን ኖሮ፣ ትናገሪ ነበር?"

ከውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል። ቢፍቱ በተኛችበት ሆና በድምጿ ታባብለዋለች፤ በእጇ ልታነሳው አትችልም። አስተባብዬ ልመልስላቸው ቃል ፈለግሁ፤ ሰው እንደሚፈራ፣ ያልመረመረ ሰው እንደማይናገር። ሁሉንም ተውኩት።

"እናገር ነበር፣ አዮ" አልኳቸው።

"አዎ" አሉ። "እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነው።"

ሻሻቸውን አስተካከሉና ሕፃኑን ሊያነሱ ገቡ።